ምርጡ ቦንድ ምርጡ ፊልም ውስጥ የለም

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ የቻናላችን ቤተሰቦች! ከባሕር ዳር ነኝ፣ ከጣና ዳር። ይሄ የምትሰሙት ድምፅ ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ ነው። ሞተሩን አጥፉልኝ ብዬ አልለምን ነገር፣ ሰዎቹ ገዳም ሊሳለሙ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ትንሽ ጮክ ብዬ አወራለሁ።

የዛሬው ጉዳይ ጄምስ ቦንድ ነው፣ ያ የፊልሙ እንግሊዛዊ ሰላይ።

«ከስድስቱ ቦንዶች ማን ይበልጣል?» ይሄን ስንት ጊዜ ጠየቃችሁኝ! ስንት ጊዜስ ኮሜንት ላይ ተሰዳደባችሁበት! አንዱ «ኮነሪ ነው፣ አለቀ» ይላል። ሌላው «ክሬግን ያላየ ሰው ፊልም አይቻለሁ አይበል» ይላል። አንዱ ልጅ ደግሞ ምንም ሳይጽፍ የብሮስናንን ፎቶ ብቻ ለጥፎ ይሄዳል። እሱን ልጅ እወደዋለሁ።

እኔን ከጠየቃችሁ ጥያቄው አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። ምርጡ ተዋናይ ማን ነው? አንድ። ምርጡ ፊልም የትኛው ነው? ሁለት። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ምርጡ ተዋናይ ምርጡ ፊልም ውስጥ የለም። ልድገመው? ምርጡ ተዋናይ፣ ምርጡ ፊልም ውስጥ፣ የለም።

መሠረቱን ታውቁታላችሁ፣ በሩጫ ልለፈው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ኢያን ፍሌሚንግ የሚባል እንግሊዛዊ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል ስለላ ክፍል ሠርቷል። ጃማይካ ቤት ሠርቶ እዚያ ጻፈ። በ1953 የመጀመሪያውን ልብ ወለድ «ካዚኖ ሮያል»ን አሳተመ። የጀግናውን ስም ያገኘው ከወፍ መጽሐፍ ነው። ቀልድ አይደለም! እውነተኛው ጄምስ ቦንድ የካሪቢያንን ወፎች የሚያጠና ሰው ነበር። እዚህ ጣና ዳር መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወፍ ሲያይ የሚውለውን ፈረንጅ «ይሄ ሰላይ ነው» የምትሉ አላችሁ አይደል? ቢያንስ በስሙ አልተሳሳታችሁም።

ፊልሙ በ1962 በ«ዶክተር ኖ» ጀመረ። ፕሮዲውሰሮቹ አልበርት ብሮኮሊና ሃሪ ሳልትስማን፣ ድርጅቱ ኢዮን። እስከ 2021 ድረስ 25 ፊልም። ሾን ኮነሪ 6፣ ጆርጅ ላዘንቢ 1፣ ሮጀር ሙር 7፣ ቲሞቲ ዳልተን 2፣ ፒርስ ብሮስናን 4፣ ዳንኤል ክሬግ 5። ደምሩት። በ1983 ኮነሪ የተመለሰበት «ኔቨር ሴይ ኔቨር አጌን» ከነዚህ ውጭ ነው። የአንዱ ታሪክ መብት ፍርድ ቤት ሄዶ በሌላ ሰው እጅ ስለገባ ነው የተሠራው። በ1967 የወጣው ኮሜዲም አይቆጠርም። መብት፣ ውል፣ ክስ፣ በቃ። እዚህ ላይ እንቅልፍ ከወሰዳችሁ አልፈርድባችሁም።

አሁን ወደምወደው ክፍል እንግባ።

አዝማሪ ቤት ታውቃላችሁ። የማታውቁ ካላችሁ፣ ጎጃም መጥታችሁ ሳትገቡ እንዳትመለሱ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይነሳል። ገና ሲገዘግዘው ትዝታ መሆኑን ታውቃላችሁ። ዜማው የሱ አይደለም። አባቱም ተጫውቶታል፣ አያቱም ተጫውቶታል። ግን ማንም ተነስቶ «ይሄን ዜማ ትናንት ሌላ ሰው ሲጫወተው ሰምቻለሁ፣ ገንዘቤን መልሱ» አይልም። የመጣነው ያንኑ ዜማ ሰውየው ምን እንደሚያደርገው ልናይ ነዋ!

ቦንድም እንደዚያ ነው። ዜማው አይለወጥም። በሽጉጥ አፈሙዝ ውስጥ እናያለን፣ ሰውየው ይራመዳል፣ ዞር ብሎ ይተኩሳል፣ ስክሪኑ በደም ይቀላል። ሞንቲ ኖርማን የጻፈው፣ ጆን ባሪ ያቀናበረው ሙዚቃ ይገባል። አለቃው ኤም ይጠሩታል፣ ይቆጡታል። ኪው መሣሪያ ይሰጡታል፣ እባክህ ሳትሰብር መልስ ይሉታል። አይመልስም። መቼ መልሶ ያውቃል? ይሄ ሁሉ ዜማው ነው። እያንዳንዱ ተዋናይ ይዞ የሚመጣው ግጥሙን ነው።

ኮነሪ ቤቱን የከፈተው አዝማሪ ነው። ድምፁ ውስጥ ዛቻ አለ፣ ሲስቅም አታምኑትም። «ጎልድፊንገር» በ1964 ሲወጣ ያ የሚያስወነጭፍ ወንበር ያለው መኪና፣ አስቶን ማርቲን ዲቢ 5 መጣ። ወርቅ የሚወድ ሰውዬ፣ ወርቅ የተቀባች ሴት፣ የወርቅ ማከማቻ። ሰሙም ወርቅ፣ ወርቁም ወርቅ።

ሮጀር ሙር ደግሞ እንግዳውን የሚለክፈው አዝማሪ ነው። ገና በር ላይ ሳላችሁ በጫማችሁ ይገጥምባችኋል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ችግሩ ሰባት ፊልም ሙሉ ሲለክፍ አደረ። በ1985 በ«ኤ ቪው ቱ ኤ ኪል» 57 ዓመቱ ነበር። እየሮጠ ያለው እሱ አለመሆኑ ከጀርባውም ያስታውቃል። ግን ሙርን አታጣጥሉብኝ። የመጀመሪያው፣ የ1973ቱ «ላይቭ ኤንድ ሌት ዳይ» ላይ በአዞዎች ጀርባ ላይ ሮጦ የሚያመልጥበት አለ። አዞዎቹ እውነተኛ ናቸው! የሮጠው ሮስ ካናንጋ ነው፣ ጃማይካ ውስጥ የአዞ እርባታ ባለቤት። አምስት ጊዜ ሞክሮ ነው የተሳካለት። የፊልሙን መጥፎ ሰው በሱ ስም ካናንጋ አሉት። እዚህ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። ይሄን አይታችሁ እንዳትሞክሩ፣ ቻናሉ ተጠያቂ አይደለም።

ብሮስናን ሁሉንም አስመስሎ የሚጫወተው ነው። ኮነሪን ስጡት ይችላል፣ ሙርን ስጡት ይችላል። ብሩ ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ለሱ ነው። ክሬግ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ አንጎራጉሮ የሚወጣው ነው። ላዘንቢ አንድ ሌሊት ተጫውቶ በማግስቱ የጠፋው ነው። ዳልተን… ዳልተን ይቆይ።

ካሜራ የያዘልኝ ልጅ በእጁ «ወደ ጉዳዩ ግባ» እያለኝ ነው። ቆይ፣ ዋናው አልመጣም። አዝማሪ ቤት እንግዳው ምን ይላል? «ተቀበል!» ይላል። ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ ያወጣዋል። የቦንድ ፕሮዲውሰሮችም እንደዚያው ናቸው። በ1977 ሕዝቡ የህዋ ጦርነት ፊልም ለማየት ሲሰለፍ «ተቀበል» ተባሉ። በ1979 ቦንድን በ«ሙንሬከር» ህዋ ላይ ላኩት። ሌዘር ያስተኩሱታል! ከዚያ ደነገጡ። በ1981 ወደ መሬት መለሱት። ይሄ ነገር ይደጋገማል። በ1967 እሳተ ገሞራ ውስጥ የተሠራ የሮኬት ጣቢያ፣ በ1969 የፍቅር ታሪክ። በ2002 የማይታይ መኪናና የበረዶ ቤተ መንግሥት፣ በ2006 በባዶ እጁ ሽንት ቤት ውስጥ የሚደባደብ ሰው። ሲያብጥ ያፈነዱታል፣ ከዚያ ከዜሮ ይጀምራሉ። ተዋናይ የሚቀየረውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ወቅት ነው።

ላይክ አድርጋችኋል? ደወሏንስ? እሺ፣ እንቀጥል።

መቀጠል ፈልጌ ነበር። ግን አንድ ኮሜንት አላስተኛ ብሎኛል። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ተጽፎ ላይኩ እንደ ጉድ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ጄምስ ቦንድ የሰው ስም አይደለም። የኮድ ስም ነው። አንዱ ጡረታ ሲወጣ ስሙን ለቀጣዩ ሰላይ ይሰጡታል። ለዚህ ነው ፊቱ የሚቀያየረው።»

አይ። አይደለም። ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። እኛ አገር ቦንድን በቅደም ተከተል ያየ ሰው ብርቅ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ያገኘውን ነው የሚከፍተው። ዛሬ ብሮስናን፣ ነገ ሙር። ሰው ደግሞ ፊቱ ለምን ተቀየረ ሲል ምክንያት ይፈልጋል።

ማስረጃው ይኸው። በ1969 ላዘንቢ ትሬሲ የምትባል ሴት ያገባል። በሠርጋቸው ዕለት ተተኩሶባት ትሞታለች። የሞተችው የላዘንቢ ሚስት ናት፣ አይደል? በ1977 «ዘ ስፓይ ሁ ላቭድ ሚ» ላይ አንዲት የሶቪየት ሰላይ የሙርን ታሪክ ስትዘረዝር ሚስቱ መገደሏን ታነሳለች። ሙር ፊቱ ይለወጣል፣ ያቋርጣታል። በ1981 ሙር መቃብር ቦታ አበባ ይዞ ይሄዳል። ድንጋዩ ላይ የትሬሲ ስም አለ፣ ቦንድ ተብሎ ተጽፏል፣ 1969 የሚለውም አለ። በ1989 ዳልተን ሠርግ ላይ ነው። ሙሽሪት ስትቀልደው ፊቱ ይጠቁራል፤ ጓደኛው ፊሊክስ፣ ቦንድ አንድ ጊዜ አግብቶ እንደነበር፣ ከብዙ ጊዜ በፊት እንደሆነ ይነግራታል። ሦስት ተዋናይ፣ አንድ ሐዘን። ለሰው የኮድ ስም ይሰጡታል እንበል። ሐዘንም ያስረክቡታል እንዴ?

«ቆይ፣ ላዘንቢ ራሱ መጀመሪያ ላይ ‹ያኛው ሰውዬ ይሄ አጋጥሞት አያውቅም› ይል የለ?» የምትሉ አላችሁ። አውቃለሁ። ካሜራውን አይቶ ነው የሚላት። ቀልድ ነው! ለኮነሪ አድናቂዎች የተወረወረች። በዚያው ፊልም የቢሮውን መሳቢያ ከፍቶ የኮነሪን ፊልሞች ዕቃዎች አንድ በአንድ ያወጣል። የራሱ ዕቃዎች ናቸው።

የሚተላለፈው የሰላይነት ቁጥሩ ነው፣ 007 የሚባለው። በ2021 «ኖ ታይም ቱ ዳይ» ላይ 007 ቁጥሩ ኖሚ ለምትባል ሴት ተሰጥቷል። ስሟ ግን ኖሚ ነው! በ2012 «ስካይፎል» ላይ ደግሞ የወላጆቹ መቃብር ስኮትላንድ ውስጥ ይታያል፣ አባቱም ቦንድ ነው። ክሬግ እንደ አዲስ የተጀመረ ታሪክ መሆኑን ብቻ ያዙ። ያደናገራችሁ ጁዲ ዴንች ናት። ለብሮስናንም አለቃ ነበረች፣ ለክሬግም አለቃ ሆና ቀጠለች። ጎበዝ ስለሆነች ማስወጣት አልሆነላቸውም፣ እኔም ብሆን አላስወጣትም።

«ታዲያ በ1962 ጎልማሳ የነበረው በ2002 ለምን አላረጀም?» ትዝታስ አርጅቷል? በዚህ ጉዳይ ከዚህ በኋላ ኮሜንት አልመልስም።

አሁን ምርጡ ፊልም። የእኔ ምርጫ የ1969ኙ «ኦን ሀር ማጀስቲስ ሲክሬት ሰርቪስ» ነው። አዎ፣ የላዘንቢው። አውስትራሊያዊ ሞዴል ነበር፣ ይሄን ያህል ፊልም ተሸክሞ አያውቅም። ይታወቃልም። አንዳንድ ቦታ ቆሞ ካሜራው እስኪያልፍ የሚጠብቅ ይመስላል። ግን ፊልሙን የመራው ፒተር ሀንት ቀደም ሲል የተከታታዩ ኤዲተር የነበረ ሰው ነው። ድብድቡን እንዴት እንደሚቆርጠው እዩ፤ ከ1969 የመጣ አይመስልም። የስዊዘርላንዱ ተራራ ጫፍ ላይ ያለው ምግብ ቤት ዛሬም አለ። ሉዊ አርምስትሮንግ ይዘፍናል። ዳያና ሪግ ትሬሲን ስትሆን ደግሞ ቦንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱ የማታንስ ሴት አገኘ። መጨረሻው ላይ መኪናው ውስጥ አቅፏት ሲቀመጥ፣ እውነት ለመናገር፣ የላዘንቢ ልምድ ማነስ ጠቀመ። ኮነሪ ቢሆን አይከፋውም ነበር። ይሄ ሰውዬ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፣ ያ ደግሞ ትክክል ነው። ከዚያ ተጨማሪ ፊልም ቀርቦለት እምቢ ብሎ ሄደ። እንግዲህ ምን ይባላል።

ምርጡ ተዋናይስ? ዳልተን። በሉ ስደቡኝ።

የሼክስፒር መድረክ ላይ ያደገ ተዋናይ ነው። ለሚናው ሲዘጋጅ የፍሌሚንግን መጻሕፍት አንብቦ መጣ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሥራውን የማይወድ፣ የደከመው፣ የሚፈራ ሰው ነው። ዳልተን ያንን አመጣ። በ1989 «ላይሰንስ ቱ ኪል» ላይ ጓደኛውን ፊሊክስን ለሻርክ ሰጡበት። ፈቃዱን ተነጠቀ፣ ለብቻው ሊበቀል ወጣ። ሕዝቡ ገና የሙር ሳቅ ከጆሮው አልወጣም ነበር። «ይሄ ሰውዬ ለምን አይስቅም?» አሉት። ከዚያ የፊልሙ ድርጅቶች ክስ ውስጥ ገቡ፣ እስከ 1995 ፊልም ጠፋ፣ ዳልተንም በመሃል ለቀቀ።

17 ዓመት ቆይቶ ክሬግ በ«ካዚኖ ሮያል» መጣ። አይስቅም። ይደማል። ሥራው ያንገሸግሸዋል። ሁሉም አጨበጨበ። ዳልተን በቴሌቪዥን አይቶት ምን ብሎ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። በነገራችን ላይ ክሬግ ሲመረጥ ፀጉሩ ቢጫ ነው ተብሎ ነው የተቃወሙት። ፀጉሩ! የፊልሙ ዳይሬክተር ማርቲን ካምቤል ብሮስናንንም በ«ጎልደንአይ» ያስጀመረ ሰው ነው። አዲስ አዝማሪ ሲመጣ ማሲንቆውን የሚቃኘው እሱ ነው ማለት ይቻላል።

«ካዚኖ ሮያል» ሁለተኛዬ ነው። «ስካይፎል» ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ቢያስገባም ለእኔ አራተኛ ነው። ሦስተኛው ኮነሪ ባቡር ውስጥ የሚደባደብበት የ1963ቱ «ፍሮም ራሽያ ዊዝ ላቭ» ነው። ይሄ ላይ አልከራከርም።

በ2025 አማዞን የተከታታዩን የፈጠራ ሥራ ከብሮኮሊ ቤተሰብ ተረክቧል፣ ዴኒ ቪልኔቭንም ዳይሬክተር አድርጎ ሰይሟል። ስለ እሱ ለብቻው ቪዲዮ እሠራለሁ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ።

ኮሜንት ላይ ሁለት ስም ጻፉልኝ። አንድ ተዋናይ፣ አንድ ፊልም። ሕጉ አንድ ነው፤ ተዋናዩ የመረጣችሁት ፊልም ውስጥ መኖር የለበትም። «ኮነሪ፣ ጎልድፊንገር» ብሎ የጻፈ ኮሜንቱ ይጠፋል። የብሮስናንን ፎቶ የምትለጥፈው ልጅ፣ አንተ ብቻ ነፃ ነህ።