ዱቲ አድሮ ለውድድር መዘጋጀት፦ ወታደራዊ ሐኪሞችና ትራያትሎን

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምንወያየው በአሜሪካ ጦር ውስጥ በሕክምና ሙያ እያገለገሉ በትራያትሎን ስለሚወዳደሩ መኮንኖች ነው። ዶክተር፣ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫን ያጣመረው ይህ ስፖርት ከወታደር ቤት ጋር የቆየ ዝምድና አለው ይባላል።

ዶክተር፦ እውነት ነው። አይረንማን የተባለው የረጅም ርቀት ትራያትሎን ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1978 በሃዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት ሲካሄድ፣ ሐሳቡን ያመነጩት የባሕር ኃይል መኮንኑ ጆን ኮሊንስና ባለቤታቸው ጁዲ ነበሩ። 15 ሰዎች ጀምረው 12ቱ ጨረሱ።

አቅራቢ፦ ለሐኪም ግን ፈተናው ርቀቱ ነው ወይስ ጊዜ ማጣቱ?

ዶክተር፦ እንቅልፍ ማጣቱ ነው፣ እህቴ። በዚያ አገር የሬዚደንቶች፣ ማለትም በስፔሻሊቲ ስልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች፣ የሥራ ሰዓት ከ2003 ወዲህ በሳምንት በአማካይ ከ80 እንዳይበልጥ ቢወሰንም፣ 80 ሰዓት ራሱ ብዙ ነው። ሰውነት ከልምምድ የሚያገግመው በእንቅልፍ ስለሆነ፣ ዱቲ፣ ማለትም የሌሊት ተረኛ ሆኖ፣ አድሮ የወጣ ሐኪም ወዲያው ብስክሌቱ ላይ ቢወጣ ድካም ከማከማቸት በቀር የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ በማግስቱ ደግሞ የሚጠብቀው ሕመምተኛ አለ። ስለዚህ ዕቅዱ ከውድድሩ ቀን ሳይሆን ከተረኝነት ሰሌዳው ተነሥቶ እንዲወጣ፣ ከዱቲ ማግስት ያለው ቀንም አስቀድሞ የዕረፍት ቀን ተብሎ እንዲጻፍ አጥብቄ እመክራለሁ።

አቅራቢ፦ ግዳጅ ቢመጣስ?

ዶክተር፦ ግዳጅ ይቀድማል። በሜሪላንድ ቤተዝዳ ከሚገኘው የጦር ኃይሎች የሕክምና ዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ ሐኪም የ7 ዓመት አገልግሎት ግዴታ አለበት። መርከብ ላይ ከተመደበ ሩጫውንና ብስክሌቱን በማሽን ይይዘዋል፤ የውኃ ዋና ልምምዱ ግን ይቀራል።

አቅራቢ፦ ሙያው ለስፖርተኛው የሚሰጠው ነገርስ የለም?

ዶክተር፦ አለ፤ ከሁሉ በላይ የሙቀትን አደጋ ማወቅ። የአየሩን ሙቀት፣ እርጥበቱን፣ ነፋሱንና የፀሐይ ጨረሩን አጣምሮ የሚገልጸው መለኪያ፣ ዛሬ የትራያትሎን ውድድር ይካሄድ ወይስ ይራዘም የሚባልበት፣ በ1950ዎቹ የተዘጋጀው የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ምልምሎች በስልጠና ላይ በሙቀት እየወደቁ በማስቸገራቸው ነበር። በቶኪዮ ኦሊምፒክ የወንዶቹ ትራያትሎን ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል የተጀመረውም ሙቀቱን ለመሸሽ ነው። የምልምሉም የተወዳዳሪውም ሕክምና አንድ ነው፦ የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ አእምሮው የተምታታበትን ሰው ወደ ሆስፒታል ከማጓጓዝ በፊት በበረዶ ውኃ ውስጥ ነክሮ ማቀዝቀዝ። እዚህ ላይ ደቂቃዎች ሕይወት ናቸው።

አቅራቢ፦ በራስዎ ውድድር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞዎት ያውቃል?

ዶክተር፦ አጋጥሞኛል። በሩጫው አጋማሽ ከፊቴ የነበረ ወጣት መንገዱን እየሳተ ሲንገዳገድ አየሁና ስሙን ብጠይቀው መመለስ አቃተው። ጥላ ሥር አስተኝቼው፣ ከውኃ ማደያው ያገኘሁትን በረዶ ሁሉ በአንገቱና በብብቱ ሥር አድርጌ፣ የሕክምና ቡድኑ በበረዶ ውኃ መንከሪያው ውስጥ እስኪያስገባው ድረስ አብሬው ቆየሁ። ዓይኑን ገልጦ ስሙን የነገረኝ ውኃው ውስጥ ሳለ ነው።

አቅራቢ፦ እርስዎስ ሩጫውን ቀጠሉ?

ዶክተር፦ ቀጠልኩ፤ የቀረኝን 11 ኪሎ ሜትር በዝግታ ጨረስኩት።