ሁለቴ የሚረገጥ ፍሪሲዮን

እሺ፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ማይኩን ስይዝ ጥፍሬን አየሁት፣ ጥቁር ነው። ሦስቴ በኦሞ ታጥቤ አልለቅ አለ። ከጠዋት ጀምሮ መኪና ስር ነበርኩ።

የአባዬን መኪና ነው የማወራላችሁ። ላንድክሩዘር ናት፣ ያቺ አጭሯ፣ ኤፍጄ 40። ቶዮታ ይህን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1960 ጀምሮ እስከ 1984 ድረስ ሠርቶታል፣ የእኛዋ የ1979 ናት። ሞተሯ ባለ 4.2 ሊትር ቤንዚን ነው፤ ነዳጅ ትጠጣለች አይባልም፣ ትውጣለች። ዝናብ ሲመጣ በበሩ በኩል ታስገባለች። አባዬ ግን እንደ ልጁ ነው የሚያያት፤ አንዳንዴ ከእኔና ከእሷ ማን እንደሚበልጥበት ባልጠይቅ ይሻላል እላለሁ።

መንዳት የተማርኩት በእሷ ነው። የአባዬ የመጀመሪያ ትምህርት ስለ ፍሪሲዮኑ ነበር፣ ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ከማርሹ ስለሚለየው የግራ እግር ፔዳል፦ «ፍሪሲዮኑን ሁለቴ ርገጪ። አንዱ ለመቀስቀስ፣ አንዱ ለማርሽ።» አመንኩት። የመኪናዋ ጠባይ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ የማንንም መኪና ስነዳ ሁለቴ እረግጣለሁ፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

በነገራችን ላይ አባዬ በወጣትነቱ ከባድ መኪና ነድቷል። የድሮ ከባድ መኪና ሹፌሮች እውነትም ሁለቴ ይረግጣሉ፤ ግን እነሱ አንዴ ረግጠው ማርሹን ፎሌ ላይ (ምንም ማርሽ ያልገባበት ቦታ) ያወጡና ይለቃሉ፣ ከዚያ ደግመው ረግጠው ቀጣዩን ያስገባሉ። ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ ማለቴ ነው፣ ውስጥ ጥርሶቹን የሚያስማማ ሲንክሮናይዘር ስለሌለ ነው። እኛ የምናደርገው ሌላ ነበር፤ ዝም ብለን እንደ ብስክሌት ፓምፕ ጠብ ጠብ ማድረግ። ልዩነቱ ያኔ አልገባኝም።

ባለፈው ወር ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ እየወጣሁ አንደኛ ማርሽ አልገባ አለ። ሁለቴ ረገጥኩ፣ ሦስቴ ረገጥኩ፣ ግርርር ብቻ። ከኋላዬ ሚኒባስ፣ ከሚኒባሱ ኋላ ሌላ ሚኒባስ። ረዳቱ ያለኝን እዚህ አልደግመውም። በሰው ግፊት ዳር አስያዝኳትና በማግስቱ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ማርሹን ሁለቴ ነቀነቀና «እህቴ፣ ካምቢዮው አልቋል፣ ይወርዳል» አለኝ። የነገረኝ ዋጋ የአራት ወር ደመወዜ ነው። አንድም ቦታ ጎንበስ ብሎ ሳያይ!

ደግነቱ ብር አልነበረኝም። በሰው በሰው አንድ ሽማግሌ መካኒክ አገኘሁ። እሳቸው ካቻቢቴ እንኳን አልያዙም። «ሞተሩን አጥፊው» አሉኝ። አጠፋሁ። «በይ አሁን ማርሾቹን አስገቢ።» አንደኛ ገባ። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ የኋላ፣ ሁሉም እንደ ቅቤ። «አስነሺው።» አስነሳሁ፣ ያው ግርርር። «ካምቢዮው ምን አደረገሽ ልጄ?» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሞተር ጠፍቶ የሚገባ ማርሽ ሞተር ሲነሳ እምቢ ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮኑ ነው፤ ሲረገጥ ሞተሩን ከካምቢዮው ሙሉ በሙሉ እየለየ አይደለም ማለት ነው። ሞተር ጠፍቶም የማይገባ ከሆነ ያኔ ስለ ካምቢዮ እናወራለን።

ቀጥለው «ሲደጋገም ይሻለዋል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ኮራ ብዬ፣ ሁሌም ሁለቴ ነው የምንረግጠው፣ ጠባይዋ ነው አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። «ጠባይ አይደለም፣ በሽታ ነው።»

የዚህች መኪና ፍሪሲዮን በፍሬን ዘይት ነው የሚሠራው። ፔዳሉ የላይኛውን ፓምፕ ይገፋል፣ ዘይቱ በቱቦ ወርዶ የታችኛውን ፓምፕ ይገፋል፣ እሱ ደግሞ ፍሪሲዮኑን የሚለየውን ሹካ። ፓምፑ ውስጥ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ ካረጀ ወይም መስመሩ ውስጥ አየር ከገባ የመጀመሪያው እርግጫ ግማሹ በከንቱ ይቀራል፣ ሁለተኛው ትንሽ ያሟላል። ሽማግሌው ከፔዳሉ በላይ ያለውን ግድግዳ በጣታቸው ዳበሱና አሳዩኝ፤ እርጥብ ነው፣ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ወጥቷል። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። ምንጣፉን ስገልጠው ያው እድፍ። እኔ ለዓመታት የዝናብ ውሃ ይመስለኝ ነበር! ታች ወርደው የታችኛውን ፓምፕ የጎማ ቆብ በጥፍራቸው ገለጥ ሲያደርጉት ቡና አተላ የመሰለ ዘይት በእጃቸው አንጓ ላይ ወረደ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ለዓመታት ካልተቀየረ ሲሊንደሩን ከውስጥ ያዝገዋል። የዛገ ሲሊንደር ደግሞ አዲስ ጎሚኒም ቢገባለት ወዲያው ይበላዋል። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ሄጄ ሁለቱንም ፓምፕ ሙሉውን ገዛሁ። ዋጋው? ካምቢዮ ከማውረዱ ጋር አይገናኝም።

ሽማግሌው ድምፅም ይናገራል ብለውኛል፣ ይሄን ያዙልኝ። ፎሌ ላይ ሆናችሁ ፔዳሉን ስትረግጡ ጩኸት ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ (ያለ ፍትጊያ እንዲሽከረከር የሚያደርገው ቀለበት) ነው። በተቃራኒው ስትለቁት የሚጮህ፣ ስትረግጡት ዝም የሚል ከሆነ የካምቢዮው የፊት ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ሸራ (ሞተሩን የሚይዘው ዲስክ) እየተንሸራተተ ነው፣ ሽታውም ይነግራችኋል። (ጃፓን የሠራችውን መኪና በጣሊያን ቃል እንጠግናለን፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ። ስድቡ ብቻ ነው አማርኛ።)

ዛሬ ጠዋት ፓምፖቹ ተገጠሙ፣ የቀረው አየሩን ማስወጣት ነበር። ይሄ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው ከስር የታችኛውን ፓምፕ የአየር ማስወጫ ቡሎን ላላ ያደርጋታል፣ አረፋው ይወጣል፣ ቡሎኗ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ነው ፔዳሉ የሚለቀቀው። ቡሎኗ ክፍት ሆና ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል። እኔ ስር ገባሁ፣ አባዬ ወንበሩ ላይ።

«አባዬ፣ ርገጥ!» ረገጠ። «ያዘው!» ቡሎኗን አላላሁ። አባዬ ለቀቀና ደገመው። አረፋው በቱቦው ሲመለስ በዓይኔ አየሁት። «አንዴ ብቻ አባዬ!» «አንዴ ነው የረገጥኩት።» እንደገና ጀመርን። ጠብ፣ ጠብ። እግሩ እንጂ እሱ እንኳን አያውቀውም። አንድ ሰዓት ሙሉ። በመጨረሻ ሽማግሌው እየሳቁ አባዬን አስወርደው ራሳቸው ተቀመጡ፤ ሥራው በአሥር ደቂቃ አለቀ።

ከዚያ ወጥተን ሰፈር ዞርን። አባዬ ነዳ። የኋላ ማርሽ ያለ ድምፅ ገባ፣ እኔ ልጮህ ደረስኩ። እሱ ፊቱን አጨማደደና «ምን አደረጋችሁት ይሄን ፔዳል? ደረቀ እኮ» አለኝ።