እጣን ነው ተብሎ የሚሸጠው ፓኬት

እንደምን አመሻችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህትና ወንድሞቼ፣ የእሁድ ምሽታችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

ፋርማሲስት ነኝ። አንድ ቀን አንዲት እናት የምሠራበት ፋርማሲ መጡ። የልጃቸውን ጂንስ ሊያጥቡ ሲሉ ከኪሱ ያገኙትን የሚያብረቀርቅ ፓኬት ይዘዋል። «ልጄ፣ ይሄ ጦስኝ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። እውነትም የደረቀ ጦስኝ ይመስላል። ላዩ ላይ ካርቱን አለ። ከታች በጥቃቅን ፊደል «ለሰው ፍጆታ አይደለም» ይላል። የልጁን ሽንት ቀድመው አስመርምረዋል፤ ንጹሕ ነው ተብለዋል።

ቅጠሉ ምንም አይደለም። ጉዱ የተረጨበት ኬሚካል ነው። «ኬ ቱ» ወይም «ስፓይስ» ሲባል ሰምታችኋል፤ እንደ ማሪዋና የሚሠራ ሰው ሠራሽ አደንዛዥ ዕፅ ነው። ነገሩ ለክፋት አልተጀመረም። ጆን ሃፍማን የሚባሉ የክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት፣ ካናቢስ፣ ማለትም ማሪዋና፣ አንጎል ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማጥናት በመቶዎች የሚቆጠሩ ውህዶች ሠሩ። አንዱ በስማቸው መነሻ ፊደላት ጄደብሊውኤች-018 ተባለ። ጥናቱ በሳይንስ መጽሔት ታተመ፤ የሚታተመውን ደግሞ ማንም ያነበዋል። እንደ ፈረንጆቹ በ2008 መጨረሻ ጀርመን ውስጥ «ስፓይስ» በተባለ ፓኬት ተገኘ።

አሁን ትንሽ ፋርማኮሎጂ፤ ታገሡኝ። አንጎላችን ውስጥ ሲቢ1 የሚባሉ ተቀባዮች አሉ። የጋዝ ምድጃ አስቡ። በማሪዋና ውስጥ ያለው አስካሪ ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ፣ ማዞሪያውን እስከ መሀል ነው የሚከፍተው፤ ቢበዛም ከዚያ ብዙ አያልፍም። ጄደብሊውኤች-018 ግን ጥግ ድረስ ይከፍተዋል። ተቀባዩን የመያዝ ኃይሉም የቲኤችሲን አራት እጥፍ ገደማ ነው። ጉበት ከሰባበረው በኋላ እንኳ አንዳንዱ ስባሪ መሥራቱን አይተውም። ልብ ይደልቃል፣ ያስመልሳል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስን ያስታል።

ደግሞ ቅጠሉ ላይ ሲረጭ እኩል አይዳረስም። ጨው በደንብ ያልተበተነበት ወጥ በልታችሁ ታውቃላችሁ፤ አንዱ ጉርሻ አልጫ፣ ሌላው አፍ የማይገባ። እዚህ ሁለተኛው ጉርሻ ሆስፒታል ያስገባል።

ሕጉስ? አሜሪካ ይህን ውህድ ከሌሎች አራት ጋር በማርች 2011 በአስቸኳይ ከለከለች። የተባበሩት መንግሥታትም በ2015 ቁጥጥር ውስጥ አስገባው። አምራቾቹ ግን ሞለኪውሉን ነካ ያደርጉታል። ጭራው ላይ አንድ ፍሎሪን ያለበትን ኤኤም-2201 አመጡ። እሱ ሲታገድ ሌላ መጣ። በ2016 ብሩክሊን ውስጥ በአንድ ቀን 33 ሰዎችን እንደ ዞምቢ ያደነዘዘው ከእነዚሁ አዳዲሶቹ አንዱ ነበር።

ያቺ «ለሰው ፍጆታ አይደለም» የምትለው ጽሑፍ ለደንበኛ አልተጻፈችም። ከታገዱት ጋር ተመሳሳይ የሆኑ ውህዶችን የሚይዘው የ1986ቱ የአሜሪካ ሕግ የሚሠራው ለሰው ፍጆታ በታሰበ ነገር ላይ ነው። ጽሑፏ ለዳኛ ናት። ሱቅና ነዳጅ ማደያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አከፋፋዩ «እጣን ነው» ይላችኋል። ለእኛ ነው እንግዲህ እጣን የሚያስተምረው!

ለእኚያ እናት የነገርኳቸውን ልንገራችሁ። የተለመደው የሽንት ምርመራ የቲኤችሲን ርዝራዥ ነው የሚፈልገው፤ ይህንን አያየውም። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም የሚያክመው ምልክቱን ነው። ልጁ ከታመመ 911 ደውሉ፤ ፓኬቱን አትጣሉት፣ ይዛችሁ ሂዱ። ለምክር የመርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ቀን ከሌት ይሠራል፤ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ቡናው ደርሷል አሉ። ጥያቄ ያለው ይምጣ፣ እዚያው ነኝ።