አንድ ቀን በኦቾ ሪዮስ፦ ስለ ባሕር ዳርቻና ስለ እጅ ሥራ ገበያ የጠየቃችሁን

የዛሬው የጥያቄና መልስ ሰዓታችን ስለ ካሪቢያን የመርከብ ጉዞ ነው። ከደዋዮቻችን ብዙዎቹ የጠየቁት ስለ ኦቾ ሪዮስ ስለሆነ እዚያው ላይ እንቆያለን። ኦቾ ሪዮስ በጃማይካ ሰሜናዊ ጠረፍ ያለች የወደብ ከተማ ናት። ከፍሎሪዳ የሚነሱ ብዙ መርከቦች ጠዋት እዚያ ያራግፏችሁና ከሰዓት በኋላ ይነሳሉ። በእጃችሁ ያለው ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ከሜሪላንድ የደወሉ እናት፦ ከልጆቼ ጋር ነው የምሄደው። ከመርከቡ ወርደን በእግር የምንደርስበት ባሕር ዳርቻ አለ ወይ? ወይስ መርከቡ የሚሸጠውን ጉብኝት እንግዛ?

አለ፣ እናቴ። ኦቾ ሪዮስ ቤይ ቢች ይባላል፣ ተርትል ቢችም ይሉታል። ከመርከቡ ማቆሚያ አጠገብ ስለሆነ ታክሲም ጉብኝትም አያስፈልግዎትም። አሸዋው ነጭ ነው፣ ውኃውም አብዛኛውን ጊዜ የተረጋጋ ነው። ግን ሁለትና ሦስት መርከብ በቆመ ቀን ይጨናነቃል፤ ቀድመው ይውረዱ።

መግቢያው ላይ ገንዘብ ይጠይቅዎታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይናደዳል፤ «ባሕር የእግዜር ነው፣ ምን ያስከፍላል?» ይላል። ጃማይካ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1956 የወጣው የባሕር ዳርቻ ቁጥጥር ሕግ ጠረፉን በመንግሥት እጅ አድርጎታል፤ ሕዝቡ እንደ ልቡ ገብቶ የመዋኘት አጠቃላይ መብት የለውም። የሰሜኑ ጠረፍ ትልቅ ክፍል በሆቴሎች የታጠረውም በዚሁ የተነሳ ነው። ጃማይካውያን ራሳቸው ዛሬም ድረስ አጥብቀው ይሟገቱበታል። እኔም የሚሟገቱት እውነት አላቸው ባይ ነኝ። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ግን ይህ ነው፦ ባዶ መስሎ የታየዎት አሸዋ ሁሉ ክፍት አይደለም፣ ጥበቃ መጥቶ ሊያስወጣዎት ይችላል።

ልጆቹ ከፍ ያሉ ከሆኑ ደንስ ሪቨር ፏፏቴን ያስቡበት። ከከተማው በስተምዕራብ፣ በታክሲ ደቂቃዎች ነው። ውኃው ርዝመቱ ወደ 180 ሜትር በሚጠጋ የድንጋይ ደረጃ ላይ እየተንደረደረ ወርዶ እዚያው ባሕሩ ውስጥ ይገባል። ሰዎች ከታች፣ ከባሕር ዳርቻው ተነስተው በአስጎብኚ እየተመሩ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወጡታል። ድንጋዩ ያዳልጣል፤ የውኃ ጫማ ግድ ነው። ጫማውን አሜሪካ ገዝተው ቢሄዱ ይሻላል፣ እዚያ በር ላይ ይወደዳል።

ፏፏቴም፣ ባሕርም፣ ገበያም በአንድ ቀን ልዳረስ አይበሉ። ከባሕሩና ከፏፏቴው አንዱን ይምረጡ፣ ከዚያ ገበያ ይጨምሩበት። ሦስቱንም የሚሞክር ሰው ቀኑን ታክሲ ውስጥ ነው የሚጨርሰው።

ከዴንቨር፦ መዋኘት አልችልም። ብሄድ ጥቅም አለው?

አለው እንጂ! ውኃው ሞቃት ነው፣ እስከ ወገብ ገብተሽ መቆም ራሱ ደስ ይላል። ጥልቀቱ ግን በአንድ እርምጃ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ተንሳፋፊ ኳስ የተደረደረበትን ገመድ አትለፊ። ቀይ ባንዲራ ካየሽ አትግቢ። አለታማ ቦታ ላይ ባዶ እግርሽን አትርገጪ፤ እሾሃማ የባሕር ፍጥረት አለ፣ ከወጋሽ ቀንሽ ተበላሸ። የፀሐይ ክሬም ደግሞ ለእኛ ቆዳ አያስፈልግም የሚለውን ተዪው። እዚያ ፀሐይ ጠይምም ጥቁርም ትለበልባለች።

ከዳላስ፦ ባለፈው ከካሪቢያን ያመጣሁት ዕቃ እቤት ገብቼ ስገለብጠው ቻይና የተሠራ ሆነ። እውነተኛ የጃማይካ እጅ ሥራ የት ነው የሚገኘው?

በመጀመሪያ መርከቡ ላይ የሚሰጧችሁን የሱቆች ካርታ በጥንቃቄ አንብበው፣ ወንድሜ። «የሚመከሩ» የተባሉት ሱቆች ባመዛኙ ለማስታወቂያ የከፈሉ ናቸው። አልማዝ፣ ሰዓት፣ ሽቶ ይሸጣሉ። ከጃማይካ ጋር የሚያገናኛቸው ኪራያቸው ነው።

ከወደቡ ስትወጣ መጀመሪያ የምታገኘው አይላንድ ቪሌጅ የሚባል የገበያ ማዕከል ነው። ንጹሕ ነው፣ ዋጋው ተለጥፏል፣ ማንም አይጎትትህም። ቲሸርትና ማግኔት ለሚፈልግ ይበቃዋል። አንተ ግን ትንሽ ወደፊት ሂድ። ዋናው መንገድ ላይ ኦቾ ሪዮስ ክራፍት ፓርክ አለ፤ ትናንሽ ሱቆች የተደረደሩበት የእጅ ሥራ ገበያ ነው። ወደ ምሥራቅ ደግሞ ፓይንአፕልና ኮኮናት ግሮቭ የሚባሉ ሌሎች ገበያዎች አሉ። ታክሲ ከያዝክ ፈርን ገሊ በሚባለው መንገድ እለፍ። በሸለቆ ውስጥ የተሠራ፣ ግራና ቀኙ በፈርን ተክል የተሸፈነ መንገድ ነው፣ ፀሐይ በቅጠል መሃል ነው የምትገባው። በመንገዱ ዳር ቀራጮች ሥራቸውን ዘርግተው ታገኛቸዋለህ።

እዚያም ቢሆን ሁሉም ነገር የአገሩ አይደለም። አገላብጠህ እይ። አሥር ሱቅ ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ ያየኸው ቅርጽ ከኮንቴይነር የወጣ ነው። በእጅ የተሠራ ነገር መንትያ የለውም፤ የመሮ ምልክት ይታይበታል፣ አንዱ ጆሮ ከሌላው ትንሽ ይበልጣል። ከሁሉ የሚሻለው መሮ ይዞ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው መፈለግ ነው። «ይህ ምን እንጨት ነው?» ብለህ ጠይቀው። የሠራው ሰው ስለ እንጨቱ አውርቶ አይጠግብም፣ የሚቸረችረው ግን ወደ ዋጋው ይሮጣል።

ሊግነም ቫይቴ የሚባል እንጨት ያሳዩህ ይሆናል። አበባው የጃማይካ ብሔራዊ አበባ ነው። እንጨቱ በጣም ከባድ ስለሆነ ውኃ ላይ አይንሳፈፍም፣ ይሰጥማል። ዛፉ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር አለበት። ስለዚህ ትልቅ ዕቃ ከሆነ ወረቀት ጠይቅ። ለእኔ ከተጠየቅኩ ሴዳር ወይም ማሆጋኒ ይበቃል። የገለባ ቅርጫትና ባርኔጣም መልካም ነው፣ ይቀላል፣ አይሰበርም።

የኤሊ ቅርፊትና ጥቁር ኮራል ግን በፍጹም አትንካ። የኤሊ ቅርፊት ይዞ መገኘት እዚያው ጃማይካ ውስጥ ወንጀል ነው። አሜሪካ ስትገባም ይወሰድብሃል፣ ቅጣትም አለው።

ከአትላንታ፦ ክርክር ላይ እኔ ደካማ ነኝ። ስንት ልቀንስ?

መርካቶ ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ ይገርመኛል! ቢሆንም እዚያ ያለው ሥርዓት ትንሽ ይለያል።

መጀመሪያ ሰላምታ። ጃማይካ ውስጥ «እንደምን አደርክ» ሳትል ዕቃ አንስተህ «ስንት ነው?» ካልክ ባለጌ ተብለሃል፤ ዋጋውም በዚያው ይወጣል። ሰላም ብለህ፣ ትንሽ ተጫውተህ ከጠየቅክ ግማሽ መንገድ ሄደሃል። ከተጠየቅከው ላይ ሩቡን ወይም ሲሦውን ለመቀነስ ብትሞክር ነውር የለውም። ሁለት ሦስት ዕቃ ከአንድ ሰው ብትገዛ ደግሞ የበለጠ ይቀንስልሃል። ነገር ግን ሰውየው ቀኑን ሙሉ የቀረጸውን ነገር አምስት ዶላር ላይ ካላደረስኩ ብለህ አትሟገት። መርከብ ላይ ለአንድ መጠጥ ከዚያ በላይ ከፍለሃልኮ።

ሁለተኛ፣ «ሃያ ዶላር» ሲልህ የትኛው ዶላር እንደሆነ ጠይቅ። የጃማይካም ገንዘብ ዶላር ነው፤ አንድ የአሜሪካ ዶላር ወደ 160 የጃማይካ ዶላር ገደማ ነው። ገበያው ውስጥ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ ዶላር ነው። ግን ካልጠየቅክ ክርክሩ መጨረሻ ላይ ይነሳል። የአንድና የአምስት ዶላር ኖቶች ይዘህ ውረድ፤ መልስ የለኝም የሚል ነጋዴ ብዙ ነው።

ሦስተኛው ወጥመድ ስም ነው። አንዱ ፈገግ ብሎ «ስምህ ማነው?» ይልሃል። ነገርከው። አንተ ዞር ከማለትህ ስምህን ከዘራ ወይም ኩባያ ላይ ቀርጾ ያመጣልሃል። አሁን ያንተ ስም ያለበትን ዕቃ ለማን ይሽጠው? ሳትፈልግ ትገዛለህ። ፀጉር የሚሠሩ ሴቶችም እንዲሁ አንድ ሹሩባ «በነጻ» ይጀምሩና ይቀጥላሉ። ካልፈለግክ ቆፍጠን ብለህ፣ ግን በፈገግታ፣ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» በል። መሳደብም መደናገጥም አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ሥራቸውን እየሠሩ ነው።

ከሎስ አንጀለስ፦ ገበያው ውስጥ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ በየቦታው ነው ይባላል። ኢትዮጵያዊ መሆኔን ብናገር ቅናሽ አገኛለሁ?

ሳቅ አገኛለህ፣ እቅፍ ታገኛለህ፣ ረጅም ወሬ ታገኛለህ። ቅናሹን እንጃ!

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ኦቾ ሪዮስ ያለችበት የሴንት አን አውራጃ የጥቁሮች ንቅናቄ መሪው ማርከስ ጋርቬይ በ1887 የተወለደበት ነው። ቦብ ማርሊም በዚያው አውራጃ ናይን ማይል በምትባል መንደር ተወልዶ እዚያው ተቀብሯል። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በኤፕሪል 1966 ኪንግስተን ሲደርሱ የተቀበላቸው ሕዝብ ብዛት ዛሬም ይወራል፤ ራስታዎች ቀኑን በየዓመቱ ያከብሩታል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ከ1970 ጀምሮ በደሴቲቱ አለች፣ ቦብ ማርሊም በ1980 ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ የተጠመቀው በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ነው።

ስለዚህ የይሁዳ አንበሳ የሚቀርጽ ራስታ ስታገኝ ለእሱ ማስጌጫ አይደለም፣ ሃይማኖቱ ነው። ስለ ንጉሡ የተለየ አስተያየት ይኖርህ ይሆናል፤ እኛ ቤት ያለው ክርክር ይታወቃል። ገበያ መሃል አታንሳው። ከሄዱ ኢትዮጵያውያን የምሰማው፣ ከማንም ጋር ያላወሩትን ያህል ከእነዚህ ሰዎች ጋር እንዳወሩ ነው። አንበሳውን ግዛ፣ ከቻይናው ማግኔት በስንት ጣዕሙ።

ናይን ማይልን ማየት ከፈለግክ ተራራማ መንገድ ነው፣ ግማሽ ቀን ይበላል። ያን ቀን ባሕሩን እርሳው።

ከቶሮንቶ፦ የምንሄደው በዐቢይ ጾም ነው። ምን እንበላለን?

ዕድለኞች ናችሁ። የራስታዎች ምግብ አይታል ይባላል። ሥጋ የለበትም፣ ብዙዎቹ ወተትና እንቁላልም አያስገቡም፤ ጨው እንኳ የማይጨምሩ አሉ፣ እንዳትደነግጡ። ካላሉ የሚባል ጎመን መሰል ቅጠል፣ ብሬድፍሩት የሚባል ፍሬ ተጠብሶ፣ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝና ቦሎቄ ታገኛላችሁ። አኪ ከሚባለው ፍሬ የሚሠራው ብሔራዊ ምግባቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ጋር ነው የሚሠራው፤ ያለ ዓሣ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱ።

ከሲያትል፦ ጥገኝነት ጠይቄ ውሳኔ እየጠበቅኩ ነው። መርከቡ ተመልሶ ፍሎሪዳ ስለሚገባ ችግር የለውም አይደል?

ችግር አለው፣ እህቴ። ጃማይካ ላይ ባትወርጂም መርከቡ ውጭ አገር ከደረሰ ከአሜሪካ ወጥተሻል። አስቀድሞ የተሰጠ የመመለሻ ፈቃድ ሳትይዢ ከወጣሽ ማመልከቻሽን እንደተውሽ ሊቆጠርብሽ ይችላል። ጠበቃ ሳታማክሪ ትኬት አትቁረጪ። ጥገኝነት የተፈቀደላችሁ ደግሞ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያዙ፤ ግሪን ካርድ ያላችሁ ካርዱንና ፓስፖርታችሁን። ዜጎች ከአንድ ወደብ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ ጉዞ በዜግነት ወረቀትና በመታወቂያ መመለስ ይችላሉ። እኔ ግን ፓስፖርት ያዙ እላለሁ፤ መርከቡ ቢያመልጣችሁ አውሮፕላን ላይ የምትሳፈሩት በእሱ ነው።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦ የገዛሁትን ይዤ ስመለስ ቀረጥ አለ? ቡናስ?

የአሜሪካ ነዋሪ ከሆንክ እስከ 800 ዶላር ዋጋ ያለው ዕቃ ያለ ቀረጥ ታስገባለህ። የተቆላና የታሸገ ቡና ችግር የለውም። ፍራፍሬ፣ አፈር ያለበት ተክል፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ እንጨት አታምጣ።

ብሉ ማውንቴን ቡና ውድ ነው። ቡና ጃማይካ የገባው በ1728 ነው። የአረቢካ ዘሩ መነሻው እኛው አገር ስለሆነ፣ እጥፍ ከፍለን የልጅ ልጃችንን እንደመግዛት ነው! ከገዛህ ግን «ብሌንድ» የሚለውን ቃል ፈልግ፤ ካለበት አብዛኛው ሌላ ቡና ሊሆን ይችላል።

ከሂውስተን፦ መርከብ ያመለጣቸው ሰዎች ቪዲዮ አየሁ። እንዴት ነው የሚያመልጠው?

በብዛት በሰዓት ነው። ጃማይካ በበጋ ሰዓቷን አትቀይርም። ከማርች እስከ ኖቬምበር ፍሎሪዳ ከጃማይካ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። መርከቡ በፍሎሪዳ ሰዓት ከቀጠለ፣ ስልክሽ ደግሞ የጃማይካን ሰዓት ከያዘ፣ አንድ ሰዓት የቀረሽ ሲመስልሽ መርከቡ ሄዷል። ከመውረድሽ በፊት በሩ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አይተሽ የእጅ ሰዓትሽን በእሱ አስተካክይ፣ የሀበሻ ሰዓት አቆጣጠርንም ለዚያ ቀን ተዪው።

ታክሲ ስትይዢ ቀይ ታርጋ ያለው ይሁን፣ ፈቃድ ያለው እሱ ነው። ዋጋውን ከመግባትሽ በፊት ተስማሚ፣ መመለሱንም ጨምረሽ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የወታደር ዥንጉርጉር ልብስ እዚያ ለሲቪል ክልክል ነው፣ ለልጅም ቢሆን። እንዲህ ያለ ሱሪ ካለሽ ካቢን ውስጥ ይቆይሽ።