907 ሲመታ ሂሳብ ክፍል አነሳ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ። የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ አትገረሙ፤ መስኮቱን ብዘጋው ሙቀቱ አያስቀምጠኝም።

ዛሬ የራሴን ጥፋት ነው የማወራችሁ።

ሥራዬን ታውቃላችሁ፣ ለቢሮዎች የኢንተርኔት ስልክ እዘረጋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታቦር ተራራ አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ ጠራኝ። አሥራ ምናምን ስልክ ነው። አስተሪስክን ጫንኩላቸው። ጥሪ የሚያዞር ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ማርክ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ ወጣት በ1999 እ.ኤ.አ. የጀመረው። ለትንሿ ድርጅቱ የስልክ ማዞሪያ መግዣ ቢያጥረው ራሱ ጻፈው። ይህን ታሪክ እንዴት እንደምወደው!

ስልኮቹን መሰካት ቀላል ነው። ፈተናው ዳያል ፕላኑ ላይ ነው። ሰው ይህን ቁጥር ቢመታ ጥሪው ወዴት ይሂድ የሚለው ሕግ ማለት ነው። አስተሪስክ ላይ ኤክስ ከ0 እስከ 9 ያለ ማንኛውም አሃዝ ነው። 09 ብላችሁ ስምንት ኤክስ ስትደረድሩ ሞባይል ተያዘ። 07ም እንደዚያው። 046 ብላችሁ ሰባት ኤክስ፣ የኛ አካባቢ መደበኛ ስልክ።

የውስጥ ቁጥሮቹን ከ901 ጀመርኩ። ለምን? እንዲሁ፣ አማረኝ። ሂሳብ ክፍል 907 ደረሰው።

ሦስት ወር እንዳለፈ የጥበቃው አባት ግቢ ውስጥ ወደቁ። የሪሴፕሽኗ ልጅ ሮጣ ጠረጴዛዋ ላይ ካለው ስልክ 907 መታች። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለው ሂሳብ ሠራተኛ አነሳ።

«ሰው ወድቆብናል፣ ቶሎ ድረሱልን!»

«የት ነው?»

«ግቢ ውስጥ!»

«የማን ግቢ?»

በመጨረሻ በባጃጅ ወሰዷቸው። ስኳራቸው ወርዶ ነው፤ ዳኑ፣ ተመስገን። ታሪኩን ሲነግሩኝ ሁሉም ይስቃል። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ማሽኑ ምን አጠፋ? ያዘዝኩትን ነው ያደረገው።

በማግስቱ የውስጡን ሁሉ በ2 ወደሚጀምር አዞርኩ። 907፣ የፖሊሱ 991 እና የእሳት አደጋው 939 ያለ ምንም ቅድመ ቁጥር በቀጥታ እንዲወጡ አደረግኩ። ከዚያ ግማሽ ቀን ሪሴፕሽን ቁጭ ብዬ ሰው እንዴት እንደሚደውል አየሁ። መጀመሪያውኑ ይህን ነበር ማድረግ የነበረብኝ።

አንዷ ከሞባይሏ እያየች በ251 ጀምራ ትመታለች፤ እኔ ለዚያ ሕግ አልጻፍኩም። አንድ ትልቅ ሰው ደግሞ አምስት አሃዝ መቱና መነጽራቸውን ፍለጋ ኪሳቸው ገቡ። ስልኩ ምን ቸገረው! ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ አምስቱን ብቻ ላከ። «ይሄ ስልክ አይታገስም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለካ ስልኩ የራሱ ዳያል ፕላንና የራሱ የመጠበቂያ ሰዓት አለው፤ አስተሪስክ ያለበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ስነካካ ብውል እሱን አልደርስበትም ነበር። እንደ መነጽር ፈላጊው እንዲጠብቅ አራዘምኩት።

ሂሳብ ሠራተኛው አሁን 207 ነው። እኔ ስደውልለት ግን እስከ ዛሬ «አቤት፣ አምቡላንስ!» እያለ ነው የሚያነሳው።