የቆሰለ ጦር የት ይተኛ? በሲቪላይዜሽን 6 ጤና የሚመለስበት መንገድ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የተከበራችሁ ተመልካቾቻችን። በደሴም፣ በኮምቦልቻም፣ በወልዲያም ሆናችሁ ለምትከታተሉን ሁሉ አብሽሩ እንላለን፤ ጦራችሁ ቆስሎ ለተቀመጣችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ አብሽሩ። የዛሬው ጉዳያችን እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሲቪላይዜሽን 6 የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው፤ በተለይም በኢንተርኔት ከሰው ጋር ስንጫወት ብዙ ጦርነት የሚሸነፍበት አንድ ነገር፣ ማለትም የቆሰለ ዩኒት (በጨዋታው የምናዘው አንድ የጦር ክፍል) ጤናውን እንዴት እንደሚመልስ። መልሱን አስቀድሜ ልናገር፤ ወሳኙ የት ተኛ የሚለው ነው እንጂ የትኛው ቁልፍ ተነካ የሚለው አይደለም። የት ተኛ። ይህን ያዙልኝ።

ቁስለኛውን ዩኒት እንደ አራስ አስቡት። ሣቃችሁን ጨርሱ፣ እጠብቃለሁ። አራስ ሴት ጉልበቷ የሚመለሰው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው አለመነሳቷ ነው፤ እንጀራ ልጋግር፣ ውኃ ልቅዳ ብላ የተነሳች ዕለት የዚያን ቀን ዕረፍቷ ከንቱ ይሆናል። ሁለተኛው የተኛችበት ቤት ነው። በእናቷ ቤት የተኛች እንደሆነ ገንፎው ገና ሳይነጋ ይገነፋል፣ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬው ይፈስበታል፣ አጥሚቱ ይከተላል፣ ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል ይወጣል፤ እርሷ ግን ከአልጋዋ ንቅንቅ አትልም። በራሷ ቤት ከሆነች ገንፎው አይቀርባትም፣ ነገር ግን የሚያገነፋው ባሏ ነውና እየጓጎለ ያስቸግራል። ዘመድ በሌለበት ከተማ ቤት ተከራይታ ከሆነ፣ አከራይዋ በሩን ገርበብ አድርጋ «በርቺ» ብላ ትመለሳለች። በተጣላቻት አማቷ ቤት ከሆነ ግን የምትተኛው አንድ ዓይኗን ገልጣ ነው፤ ገንፎ ቢመጣላት እንኳ በጉሮሮዋ አይወርድም። አማቶች ሆይ፣ ይህ ስለ ጨዋታው ነውና ቻናሉን እንዳትለቁብን፤ እንዲያውም ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ካላችሁ አሁን አድርጉ።

(በስክሪኑ ላይ፦ 20፣ 15፣ 10፣ 5)

ቁጥሩን በፍጥነት ልለፈው፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። የእናት ቤት ማለት የከተማችሁ ማዕከል ነው፤ በየተራው 20 ነጥብ ይመልሳል። የራስ ቤት ማለት በድንበራችሁ ውስጥ ያለው መሬት ሲሆን 15 ይሰጣል፤ የማንም ያልሆነው መሬት 10፣ የጠላት ግዛት ደግሞ 5 ብቻ። የአንድ ዩኒት ሙሉ ጤና 100 ነው፤ በዚያ ተራ ከተንቀሳቀሰ ወይም ካጠቃ ግን ምንም አያገኝም። ጤናው 10 ነጥብ በጎደለ ቁጥር የውጊያ ኃይሉ በ1 ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጤናው 50 የሆነ ዩኒት ከኃይሉ 5 ተቀንሶበት ይዋጋል ማለት ነው። አራስ ነብር የሚባለው ነገር በዚህ ጨዋታ አይሠራም።

አሁን ወደ እናንተ ጥያቄ። ፎርቲፋይ ማለት ዩኒቱ ባለበት መሽጎ እንዲቆም ማዘዝ ነው፤ ብዙዎቻችሁም «ፎርቲፋይ ካላደረግነው አይድንም»፣ «ፎርቲፋይ ሲደረግ ቶሎ ይድናል» እያላችሁ ትጽፉልናላችሁ፤ ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ፎርቲፋይ የሚጨምረው የመከላከል ኃይልን ነው፤ በመጀመሪያው ተራ 3፣ ከሁለተኛው ጀምሮ 6። ጤናን በተመለከተ ግን አንዳች ነገር አይጨምርም። ዩኒቱን ይህን ተራ ዝለል ብላችሁ ብታልፉትም፣ ፎርቲፋይ ብታደርጉትም፣ በአንድ ቦታ እስከቆመ ድረስ የሚመለስለት ጤና ያው ነው። ግራ መጋባቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ በጨዋታው ውስጥ «እስኪድን ድረስ ፎርቲፋይ» የሚል ቁልፍ አለ፣ ስሙን የሰማ ሰው ደግሞ መድኃኒቱ ቁልፉ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ቁልፉ የሚያደርገው ዩኒቱን አስተኝቶ ጤናው ሲሞላ መቀስቀስ ብቻ ነው። የቱ ቤት እንደተኛ አይጠይቅላችሁም።

ይህ ስህተት የሚያስከፍለውን በቁጥር እንየው። ጤናው 40 የቀረ ሰይፈኛ በጠላት ግዛት ውስጥ ቁልፉን ተጭናችሁ ብትተዉት፣ 60 ነጥብ ለመሙላት 12 ተራ ይፈጅበታል፤ ያውም ማንም ካልነካው ነው። ሁለት ተራ ወደ ኋላ ሄዶ በድንበራችሁ ውስጥ አራት ተራ ቢያርፍና በሁለት ተራ ቢመለስ ግን ሁሉም ነገር በስምንት ተራ ያልቃል። ብዙ ሰው ማፈግፈግን እንደ ሽንፈት ያየዋል፤ እኔ ግን አራት ተራ ትርፍ አድርጌ ነው የማየው፤ በዚህም ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

በጨዋታው የኢንዱስትሪ ዘመን ሜዲክ የተባለው ሐኪም ዩኒት ሲመጣ ሒሳቡ ይለወጣል። ሜዲክ ማለት እናቷ ራሷ ዱቄቱንና ቅቤውን ይዛ ልጇ ወዳለችበት መምጣቷ ነው፤ ከጎኑ ላረፉ ዩኒቶች በየተራው 20 ይጨምራል። ያው ሰይፈኛ በጠላት ምድር 5 ያገኝ የነበረው 25 ያገኛል፤ በሦስት ተራም ይሞላል። ማዕረግ ማሳደግም በአንድ ጊዜ እስከ 50 ነጥብ ይመልሳልና፣ ዩኒቱ ገና ሙሉ ጤና ላይ እያለ ማዕረጉን አታባክኑት። መርከቦች በመደበኛው በወዳጅ ግዛት ብቻ ነው የሚድኑት፤ የእኛ ባሕር ሐይቅና አርዲቦ ስለሆኑ በዚህ አልቆይም።

ኢትዮጵያን ይዛችሁ ለምትጫወቱ አንድ ነገር ልጨምር። አገራችን ወደ ጨዋታው የገባችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ነው፤ መሪዋ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ እንደ ላሊበላችን ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያንም ትሠራለች። የምኒልክ ጦር በኮረብታ ላይ ሲቆም የውጊያ ኃይሉ በ4 ይጨምራል። ኮረብታው ጤና አይመልስም፤ ነገር ግን ጤናው 60 የሆነ ዩኒት የሚቀነስበት በትክክል 4 ነውና፣ ጦሳን በመሰለ ከፍታ ላይ የቆመ የምኒልክ ቁስለኛ የሚዋጋው ሜዳ ላይ እንደቆመ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ በድንበራችሁ ውስጥ ያለውን ኮረብታ አስቀድሙ፤ 15ቱንም 4ቱንም ታገኛላችሁ።

በመጨረሻም «ጠላቴ በእኔ ግዛት ውስጥ ሆኖ እንዴት እንዲህ ቶሎ ይድናል?» ለሚሉት፤ እርሻችሁን ስለሚዘርፍ ነው። አንድ እርሻ የዘረፈ ዩኒት 50 የጤና ነጥብ ያገኛል፤ ይህም በግዛታችሁ አሥር ተራ ተኝቶ የሚያገኘው ነው። የተዘረፈውን እርሻ ሠራተኛ ልካችሁ ወዲያው ማስጠገን ያጓጓል፤ ጥገናው ሠራተኛው ሊገነባ የሚችልበትን የጊዜ ብዛት አይቀንስምና። ጠላት በአካባቢው እያለ ያስጠገናችሁት እርሻ ግን እንደገና ይዘረፋልና፣ መጀመሪያ ዘራፊዎቹን ከድንበራችሁ አስወጡ፤ እርሻው ይቆያችኋል።