ኮሸሪና የአክስቴ ሽንኩርት

ሜሮን፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ ቤት ውስጥ የሚሠሩ፣ ሆድ የሚያሞቁ ሦስት የዓለም ምግቦች ይዘን መጥተናል። የግብፅ ኮሸሪ፣ የህንድ ኪችሪና የጃፓን ኦካዩ።

ዳዊት፦ ከጃፓኑ እንጀምር፤ እሱን ነው የተዘጋጀሁበት።

ሜሮን፦ አይ፣ ኮሸሪ ይቅደም። አክስቴ ካይሮ ብዙ ዓመት ኖራ ነው የተመለሰችው። ሁዳዴ ሲገባ እኛ ቤት መጥታ ትሠራልን ነበር። ሩዝ፣ ድፍን ምስር፣ መኮሮኒ፣ ሽምብራ። ከላይ የቲማቲም ስጎ፣ ከዚያ የተጠበሰ ሽንኩርት። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። ኮፕቶችም እንደኛ ይጾማሉ አይደል? በጾም የሚበሉት ምግብ ነው።

ዳዊት፦ ቆይ ቆይ። ሩዝና መኮሮኒ አንድ ሳህን ላይ?

ሜሮን፦ አንድ ሳህን ላይ!

ዳዊት፦ እዚህ ጋ አልስማማም። ወይ ሩዝ ነው፣ ወይ መኮሮኒ።

ሜሮን፦ ቀምሰህ ተናገር። ዋናው ሽንኩርቱ ነው። እኛ ለወጥ ሽንኩርት አድቅቀን ከትፈን፣ መጀመሪያ ያለ ዘይት እናቁላላለን። እስኪጠፋ ድረስ። ኮሸሪ ላይ ግን ሽንኩርቱ መንኮሻኮሽ አለበት። በቀጭኑ ተቆርጦ፣ ትንሽ ዱቄት ተነስንሶበት፣ ብዙ ዘይት ውስጥ ይጠበሳል። አክስቴ ከመጥበሻው አጠገብ ንቅንቅ አትልም። እኛ ልጆቹ በሩ ላይ ተደርድረን እንጠብቃለን።

ዳዊት፦ ለመስረቅ!

ሜሮን፦ ለመስረቅ! ስለምታውቅ እጥፍ ትጠብስና ግማሹን ቆርቆሮ ውስጥ ትደብቃለች። አንድ ቀን ወንድሜ ቆርቆሮውን አገኘው። ምሳ ሲቀርብ ሽንኩርት የሚባል የለም። አክስቴ ምንም አልተናገረችም፤ ተነስታ እንደገና መክተፍ ጀመረች። ያለ ሽንኩርት አላቀርብም አለች። ሁላችንም እስኪጠበስ ጠበቅን።

ዳዊት፦ በጾም ቀን፣ እስከዚያ ሰዓት ርቧችሁ!

ሜሮን፦ ርቦን! ግን ልክ ነበረች። ያለ ሽንኩርቱ ኮሸሪ የለም።

ዳዊት፦ እሺ፣ ሽንኩርቱን ተቀብያለሁ። መኮሮኒውን አልተቀበልኩም።

ሜሮን፦ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሽንኩርቱን ገና ወርቃማ ሳለ አውጡት። ከዘይት ከወጣ በኋላም መጥቆሩን አያቆምም። ዘይቱን ደግሞ እንዳትደፉት፤ ሩዙም ስጎውም በእሱ ነው የሚሠራው። የቤቱ ጣዕም እዚያ ዘይት ውስጥ ነው ያለው።

ዳዊት፦ ምስሩና ሩዙ አብረው ይገባሉ?

ሜሮን፦ የለም፣ ምስሩ ቀድሞ ይቀቀል። ግማሽ ሲበስል ሩዙን ጨምሩ። አብረው ከገቡ ምስሩ ሳይበስል ሩዙ ይላቁጣል።

ዳዊት፦ ሩዝና ምስር ከሆነ ኪችሪም ያው ነው እኮ።

ሜሮን፦ ዘመዳሞች ናቸው ይባላል። ግን ኪችሪ ለስለስ ያለ ነው፤ እርድ ይገባበታል፣ ህንዶች ሆዱን ለታመመ ሰውም ይሠሩታል። ኮሸሪ ለጤነኛ ነው፣ ለተራበ ጤነኛ! ካይሮ ውስጥ ኮሸሪ ብቻ የሚሸጡ ቤቶች አሉ።

ዳዊት፦ ለታመመ ካልሽ ኦካዩ ይቅረብ። አንድ እጅ ሩዝ፣ አምስት እጅ ውኃ፣ ቀስ ባለ እሳት። ጃፓኖች ከጎኑ ጨው የገባበት ኮምጣጣ ፍሬ፣ ኡሜቦሺ ያቀርባሉ። ጉንፋን ሲይዘኝ እሱን ነው የምሠራው።

ሜሮን፦ ጥሩ ነው። ግን ሽንኩርት የለውም።

ዳዊት፦ ሜሮን!

ሜሮን፦ እውነቴን ነው! ላዩ ላይ ትንሽ ብትነሰንስበት ምን ይላል?

ዳዊት፦ ኡሜቦሺውን አትንኪብኝ። ይልቅ ቅዳሜ እኛ ቤት ኮሸሪ ሥሪልን። መኮሮኒው ለየብቻ ይሁን፣ የፈለገ ይጨምር።

ሜሮን፦ ለየብቻ አላቀርብም። ነጭ ሽንኩርትና አቼቶ ግን ግዛ። ነጭ ሽንኩርቱ ተወቅጦ፣ ከከሙን፣ ከአቼቶና ከትንሽ ውኃ ጋር ይደባለቃል፤ ሲበላ ከላይ ይፈስበታል።

ዳዊት፦ ሽንኩርቱስ?

ሜሮን፦ ሁለት ኪሎ። ቆርቆሮም አዘጋጅ።